«ስ» ስል የሚያፏጭብኝን ማይክ በየትኛው ልቀይረው? ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላሳጥረው፦ መኝታ ክፍልሽ ውስጥ ድምፅሽንና አኩስቲክ ጊታርሽን ትቀጃለሽ፣ ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝና 48 ቮልት (ፋንተም የሚባለውን) የሚሰጥ ኢንተርፌስ አለሽ፣ ማይክሽ ደግሞ ርካሽ ላርጅ ዳያፍራም ኮንደንሰር ነው፣ ማለትም በዛ ቮልት የሚሠራ፣ ድምፅ የሚያርፍበት ስስ ገለፈቱ (ዳያፍራሙ) ሰፋ ያለ ማይክ። «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፀ» ስትዪ ጆሮ ይወጋል፣ ድምፅሽም ባዶ ቤት ውስጥ የተቀዳ ይመስላል። ስለዚህ ኪስ የማይጎዳ ግን ከዚህ የተሻለ ፈልገሽ በኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020፣ በሮድ ኤንቲ1-ኤ እና በሌዊት ኤልሲቲ 440 ፑር መሀል ግራ ተጋብተሻል፣ የድሮውንስ ልጣለው ወይ ብለሻል።

መልሱን ከላይ ልንገርሽና ምክንያቱን ከስር አወራዋለሁ። ለነገርሽኝ ድምፅ ከሦስቱ አንዱንም አልመርጥልሽም፣ የምልሽ ሮድ ኤንቲ1 ነው፣ መጨረሻው ላይ «ኤ» የሌለው፣ ስማቸው ይቀራረባል እንጂ ድምፃቸው ይለያያል። ግን ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት አንድ ምሽት ስጪኝ፣ ምክንያቱም ከሁለቱ ችግሮችሽ አንዱ የማይኩ ነው፣ ሌላኛው ግን የፈለግሽውን ማይክ ብትገዢ እዛው ክፍልሽ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።

ከፉጨቱ እንጀምር። አብዛኛው ርካሽ ላርጅ ዳያፍራም ኮንደንሰር ውጪው ይለያይ እንጂ ውስጡን ስታዪው የአንድ ቤት ልጅ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በ1960 ኖይማን ካወጣው ዩ67 ከሚባለው ማይክ ነው፣ ካፕሱሉ፣ ማለትም ዳያፍራሙን የያዘው ድምፅ ተቀባዩ ክፍል፣ ኬ67 ይባላል። ይሄ ካፕሱል ቀጭኑን ድምፅ፣ ማለትም ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ፣ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወጣው። የማይኩ ሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ቦርዱ) ደግሞ ይሄንን አውቆ ነው የተሠራው፣ ካፕሱሉ ከፍ ያደረገውን እሱ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል፣ ዝቅ ሲያደርገው የራሱንም ሽውታ አብሮ ይቀንሰዋል፣ በመጨረሻ የሚወጣው ድምፅ ሚዛኑን የጠበቀ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ላይ ነው ሥራ የሚሠሩት።

በኋላ ርካሽ ማይክ በገፍ መመረት ሲጀምር ካፕሱሉ ተኮረጀ፣ ሰርኪዩቱ ግን ቀረ። በሱ ፈንታ ብዙ ጊዜ የሚገባው ሾፕስ የሚባለውን የማይክ ፋብሪካ ንድፍ የተከተለ ትራንስፎርመር የሌለው ሰርኪዩት ነው፣ እሱ ራሱ ጥሩ ነው ንጹህ ነው፣ ችግሩ የተሰጠውን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው፣ ቀጭኑ ከፍ ብሎ ከመጣለት ከፍ እንዳለ ያወጣዋል። ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ያ ጉብታ ራቁቱን ይቀራል፣ የኛ «ስ» እና «ሽ» ጉልበታቸው ያለው ደግሞ ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጀምሮ እዛው ድረስ ነው። ገዢው ሱቅ ውስጥ ለ1 ደቂቃ ሲሞክረው «ኧረ እንዴት ጥርት ያለ ነው» ይላል፣ 4 ትራክ ድምፅ ደራርቦ ሲሰማው ነው ጆሮው የሚደክመው።

ብዙዎቹን ከፍቼ አይቻቸዋለሁ። ከታች ያለውን ቀለበት ስትፈቺው ቱቦው ተንሸራቶ ይወጣል፣ የላዩን ወንፊት ስታነሺ ካፕሱሉ በመብራት ስር ወርቅማ ሆኖ ያበራል፣ ያ ወርቃማ ነገር 6 ማይክሮን አካባቢ ውፍረት ያለው ፕላስቲክ ላይ የተነፋ ወርቅ ነው፣ የሰው ፀጉር ከሱ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። መሀሉ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፣ ቀጭን ሽቦ ከሷ ተነስቶ ወደታች ቦርዱ ላይ ይወርዳል። ካፕሱሉ ብዙ ጊዜ አያሳፍርም፣ በደንብ የተሠራ ነው። እኔ ቶሎ ብዬ የማየው ቦርዱን ነው፣ ቀጭኑን ድምፅ መልሶ የሚይዝ ነገር አለው ወይስ የለውም፣ በአብዛኛው የለውም። አንዳንዴ ደግሞ ትልቁን ወንፊት ስታነሺ የምታገኚው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ትንሽ ካፕሱል ነው፣ ቢኤም-800 እየተባሉ በብዙ ስም የሚሸጡት ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው፣ አካሉ ላርጅ ዳያፍራም ይመስላል ዳያፍራሙ ግን ትንሽ ነው። አንቺ ጋ ያለው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ መፍታት አያስፈልግሽም፣ የስልክሽን መብራት በወንፊቱ ላይ አብሪበት፣ ትልቅ ወርቃማ ክብ ከታየሽ ጥሩ።

አሁን ይሄን ሁሉ ያወራሁት ለታሪክ ብዬ አይደለም። ዩ67 ውስጥ ሰርኪዩቱ የሚሠራውን ሥራ ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው) ላይ በከፊል መሥራት ትችያለሽ። ዛሬ ማታ የቀዳሽውን ድምፅ ክፈቺና ሃይ ሼልፍ አድርጊበት፣ ማለትም ከአንድ ነጥብ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በሙሉ ዝቅ የሚያደርገውን፣ ከ7 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ጀምረሽ 3 ወይም 4 ዲቢ አውርጂ፣ ከዛ በላይ አትሂጂ። በአንድ ቦታ ጠባብ ኖች ቆፍረሽ «ስ»ን ለማጥፋት አትሞክሪ፣ እሱ ድምፅሽን ኮልታፋ ያደርገዋል። ከሼልፉ በኋላ አሁንም የሚወጡ ካሉ ዲ-ኤሰር (ፉጨቱ ሲመጣ ብቻ የሚቀንሰው) በትንሹ። ይሄን አድርገሽ ፉጨቱ ከጠፋልሽ ማይክሽ ከነገሩሽ በላይ ደህና ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ማይኩን ፊት ለፊት አፍሽ ላይ መደቀን ተዪ። የ10 ኪሎ ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ላርጅ ዳያፍራም የምንለው ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፣ ለዚህ ነው ከጎን የሚመጣ ቀጭን ድምፅ ዳያፍራሙ ላይ እርስ በርሱ እየተጣፋ የሚዳከመው። ስለዚህ ማይኩን ከአፍሽ ትንሽ ከፍ አድርገሽ አፍንጫሽ አካባቢ አቁሚውና ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ጎን አዙሪው፣ ያለ ምንም ኢኪው «ስ» ሲለሰልስ ትሰሚዋለሽ። ትንፋሹም አብሮ ያልፈዋል። በአማርኛ ስንዘፍን «ፍ»፣ «ፕ» እና «ት» ናቸው አየር የሚተፉት፣ «ጨ» እና «ፀ» አየር ብዙም አይተፉም ግን እንደ ሚስማር ሹል ናቸው፣ ማይኩ ፊት የሚቆመው የትንፋሽ ማገጃ፣ ፖፕ ፊልተር፣ የመጀመሪያዎቹን ያስታግሳል የኋለኞቹን አያስታግስም፣ የኋለኞቹን የሚያስታግሰው ማዞሩ ነው። ፖፕ ፊልተሩን ራሱ ከማይኩ 5 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር አርቂው፣ ከተለጠፈበት ጥቅሙ ይቀንሳል።

ወደ ክፍሉ ልምጣ፣ በጣም የማወራው እዚህ ላይ ነው ምክንያቱም ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ ጋ ነው። «ኮንደንሰር ሩቅ ያለውን ሁሉ ይስባል» የሚባል ነገር አለ፣ ይሄ ልክ አይደለም። ማይክ የሚስበው ነገር የለም፣ ደርሶበት ያለውን አየር ነው የሚለካው። ክፍሉ የሚሰማው ከአንቺ ቀጥታ የሚመጣው ድምፅና ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣው ስለተቀራረቡ ነው፣ እሱን የሚወስነው ርቀትሽ፣ የማይኩ ፓተርን (በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሰማ) እና ክፍሉ ነው፣ የማይኩ ሴንሲቲቪቲ (ለአንድ ድምፅ የሚያወጣው የሲግናል መጠን) አይደለም። ከ40 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ብትጠጊ ቀጥታው ድምፅሽ በ6 ዲቢ ያድጋል፣ የክፍሉ ግን ባለበት ይቆያል፣ ይሄ በነፃ የሚገኝ ነው፣ የትኛውም ማይክ እንዲህ ያለ ለውጥ አይሰጥሽም። ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች መጠጋት ግን ሌላ ነገር ያመጣል፣ ካርዲዮይድ የሚባለው በፊቱ በኩል የሚሰማ ማይክ ሲጠጉት ወፍራሙን ድምፅ ያበዛል፣ ለአንዳንድ ድምፅ ደስ ይላል፣ አንገትሽን ባወዛወዝሽ ቁጥር ግን ወፍራሙ ከፍ ዝቅ እያለ ሚክስ ላይ ያሰቃይሻል። 15 እስከ 20 ለአንቺ ጥሩ ነው፣ በእጅሽ ስንዝር ለኪው።

ብርድ ልብስ መስቀል ካለብሽ የት እንደምትሰቅዪ አስቢበት። ሰው ሁሉ ከማይኩ ጀርባ ነው የሚሰቅለው፣ ማይኩን እንደ ጃንጥላ የሚከበውን ስፖንጅ የሚገዛውም ለዛ ነው። ግን ካርዲዮይድ ማይክ በጀርባው እኮ ድሮም ብዙ አይሰማም፣ የሚሰማው በፊቱ ነው፣ ፊቱ የሚያየው አንቺን እና ከአንቺ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይ ፍራሽ ከአንቺ ጀርባና ከጎንና ጎንሽ ይቁም። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ካለሽ ከፍተሽው ጀርባሽን ለሱ ሰጥተሽ ዝፈኚ፣ ማይኩ ወደ ልብሱ ያያል ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ 2.5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ደግሞ በደንብ የሚይዘው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሮክ ውል (የድንጋይ ሱፍ) ፓነል ግን ከሱ በጣም ዝቅ ይላል፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብታደርጊው ደግሞ ከዛም በታች። በስስ ስፖንጅ የተለበጠ ክፍል ቀጭኑ ሞቶበት ወፍራሙ እየተጉረመረመ የሚቀረው ለዚህ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ያወሩ ይመስላል።

ጠረጴዛሽንም እይ። ማይኩ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ፣ አፍሽም ማይኩም ከጠረጴዛው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው፣ በመሀላችሁ 20 ሴንቲ ሜትር ቢኖር፣ ከጠረጴዛው ነጥሮ የሚመጣው ድምፅ 45 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ተጉዞ ነው የሚደርሰው፣ ከቀጥታው 25 ሴንቲ ሜትር ዘግይቶ ማለት ነው። ያቺ ትንሽ መዘግየት 700 ሄርዝ አካባቢ ድምፅሽን ትቦረቡረዋለች፣ ከዛ 2100 ላይ፣ ከዛ 3500 ላይ እንደገና። «ባዶ ቤት» ብለሽ የገለጽሽው ድምፅ ግማሹ ይሄ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛው ላይ የተጣጠፈ ወፍራም ፎጣ አንጥፊ፣ ከተቻለ ደግሞ ከጠረጴዛው ራቅ ብለሽ ቆመሽ በወለል ስታንድ ቅጂ። ኮምፒውተርሽ ፋኑ የሚጮህ ከሆነ የማይኩ ጀርባ ቀጥ ብሎ ወደሱ ይሁን።

ጀርባ ስል አንድ ነገር ላንሳ። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ቤቱ የቀዳውን ይዞልኝ መጣ፣ ድምፁ ሩቅ ነው፣ ደብዛዛ ነው፣ ክፍሉ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ማይኩ ተበላሽቷል ብሎ ደምድሟል። ማይኩን አምጥቶ እንዴት እንደሚያቆመው አሳየኝ፣ ሙሉውን ሥራ በጀርባው ነበር የቀዳው። እነዚህ ማይኮች በጎናቸው ነው የሚሰሙት፣ እንደ መድረክ ማይክ በአናታቸው አይዘፈንባቸውም፣ ፊታቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ አርማው ወይ የልብ ቅርጽ ምልክቱ ያለበት ነው። አዙረን 1 መስመር ሲዘፍን ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ እስካሁን ትዝ ይለኛል። አንቺ ይሄን እንደማታጪው እገምታለሁ፣ ግን አንዴ ጣትሽን በሁለቱም በኩል አሽተሽ አረጋግጪ፣ ምንም አያስከፍልም።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ መቀየር ከፈለግሽ ወደ ግዢው እንሂድ። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ሴልፍ ኖይዝ ነው፣ ማይኩ ምንም ሳይሰማ ራሱ የሚያወጣው ሽውታ። ኤቲ2020 20 ዲቢ ነው፣ ኤቲ2035 12፣ ኤልሲቲ 440 ፑር 7፣ ኤንቲ1-ኤ 5። ጸጥ ያለ የመኖሪያ ክፍል ሌሊት እንኳን 30 አካባቢ ስለሆነ «ታዲያ 20ውስ ምን ይጎዳል?» ትዪ ይሆናል። የክፍል ጩኸት አብዛኛው ወፍራም ጉርምርምታ ነው፣ የማይክ ሽውታ ግን እስከ ላይ ድረስ የተበተነ ነው፣ ስለዚህ ከክፍሉ በቁጥር ቢያንስም በጆሮ ይለያል፣ በተለይ ጊታር በጣት ቀስ ብለሽ ስትነኪና ጌይን (የኢንተርፌሱን ማጉያ) ከፍ ስታደርጊ። ከ12 ወደታች ሲሆን ግን በ7 እና በ5 መሀል ያለውን አንቺ ክፍል ውስጥ ማንም አይሰማውም፣ ለዛ ቁጥር ብለሽ ተጨማሪ አትክፈዪ።

ኤቲ2020ን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ጠንካራ ነው አይበላሽም፣ ግን ዳያፍራሙ 16 ሚሊ ሜትር ነው፣ ላርጅ ከሚባለው 25 ጋር አይገናኝም፣ ለጊታርሽም ሽውታው ስለሚበዛብሽ ለአንቺ አልለውም። ከዛ ቤት ከሆነ ኤቲ2035 ይሻላል፣ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቆርጥ ማብሪያና 10 ዲቢ የሚቀንስ ፓድ አለው፣ ጮክ ብሎ ለሚዘፍን ሰው በጣም የሚመች ነው። ኤልሲቲ 440 ንጹህ ነው፣ ግን ላዩ ብሩህ ነው፣ ድምፁ ደብዘዝ ላለ ሰው ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ፣ ላንቺ ግን ከሸሸሽው ነገር ጋር ያገናኝሻል። ኤንቲ1-ኤም እንደዛው፣ 12 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ከፍ ይላል፣ ሽውታ የሌለው ግሩም ማይክ ነው፣ ጊታር ላይ ያ ብርሃኑ ያምራል፣ «ስ» ለሚበዛበት ድምፅ ግን አይሆንም። ኤንቲ1 ከሱ የበለጠ ዝርግ ነው፣ ሽውታው 4 ዲቢ አካባቢ ነው፣ ቀጭኑን ከፈለግሽው በኋላ በኢኪው ትጨምሪዋለሽ፣ ሽውታ ስለሌለው ስትጨምሪ አያሳፍርሽም፣ የተወጋ «ስ»ን መመለስ ግን ሁሌም ከባድ ነው። 4ኛው ትውልድም 5ኛውም ይሆንሻል፣ 5ኛው ዩኤስቢም አለው፣ ኢንተርፌስ ስላለሽ ግን ለሱ ብለሽ አትጨነቂ፣ ያገለገለ 4ኛ ትውልድ በደህና ሁኔታ ካገኘሽ ውሰጂው።

ያገለገለ ስትገዢ ሄድፎን ይዘሽ ሂጂ። ማይኩን ሰክተሽ ፋንተሙን አብሪና 5 ደቂቃ ጠብቂ፣ ጌይን ከፍ አድርገሽ ዝም በይ። እኩል የሆነ ለስላሳ ሽውታ ችግር የለውም፣ «ጠቅ ጠቅ፣ ቸር ቸር» የሚል ከሰማሽ ግን እርጥበት ወይ ቆሻሻ ካፕሱሉ ውስጥ ገብቷል፣ ተዪው። ቀጥሎ ከ10 ሴንቲ ሜትር ላይ እፍ ሳትዪ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ቀስ ብለሽ አውጪበት፣ ከዛ በኋላ መንጫጫት ከጀመረም ያው ነው። ይሄ ዳያፍራም ቮልቴጅ ተሸክሞ ነው የሚሠራው፣ ምራቅና አቧራ ሲጣበቅበት ያ ቮልቴጅ ይሾልካል። የራስሽንም ለዚህ ብለሽ ስትጨርሺ በከረጢት ሸፍኚው ወይ ሲሊካ ጄል ካለበት ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው።

ክፍሉን ምንም ማድረግ ካልቻልሽ፣ ማለት ብርድ ልብስ እንኳን መስቀል የማይቻል ከሆነ፣ ኮንደንሰር ተዪና ዳይናሚክ (እንደ መድረክ ማይክ ያለ ፋንተም የሚሠራውን) ያዢ፣ ሹር ኤስኤም58 በቂ ነው። እሱም ክፍሉን በተአምር አያጠፋልሽም፣ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ተጠግተው እንዲዘፍኑበት የተሠራ ስለሆነ ርቀቱ ያድንሻል። ሌላው የሹር ዳይናሚክ ኤስኤም7ቢ ካማለለሽ ከኤቲ2020 በ22 ዲቢ ያነሰ ሲግናል እንደሚያወጣ አትርሺ፣ የትንንሽ ኢንተርፌሶች ፕሪአምፕ (ማጉያ) እዛ ላይ ማልቀስ ይጀምራል። ለጊታርሽ ግን ዳይናሚኩ አይመችሽም።

ጊታሩን ስትቀጂ ማይኩን ቀዳዳው ላይ አታነጣጥሪ፣ እዛ ወፍራሙ ብቻ ነው የሚጎርፈው። 12ኛው ፍሬት ፊት ለፊት፣ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ትንሽ ወደ ቀዳዳው ዘወር ያለ፣ ከዛ ጆሮሽን አምነሽ በ2 ጣት በ2 ጣት አንቀሳቅሺው። ሌቭሉን በ24 ቢት ከፍተኛው ድምፅሽ −12 ዲቢ አካባቢ እንዲደርስ አድርጊው፣ ወደ ዜሮ ማስጠጋት አያስፈልግም፣ ስሜት ይዞሽ ጮክ ስትዪ ቦታ ያስፈልግሻል።

የድሮውን ማይክሽን አትጣዪው። ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁመሽ አንድ መስመር በአንድ ጊዜ ቅጂ፣ የሁለቱንም ሌቭል በጆሮ እኩል አድርጊ፣ ትንሽ ከፍ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላልና፣ ከዛ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታዪ አዳምጪ። የድሮው ላይ ቅድም ያልኩሽን ሼልፍ አድርገሽ ከተቀራረቡ እሱን ለጊታር ሁለተኛ ማይክ አድርጊው። የብየዳ እጅ ያለው ሰው ካወቅሽ ደግሞ ኬ67 መሰሉን ካፕሱል አውጥቶ በኬ47 ዓይነት መቀየር ይቻላል፣ ያ ቤተሰብ በ1949 ከወጣው ዩ47 የመጣ ነው፣ ላዩ ከኬ67 የተረጋጋ ስለሆነ ማስተካከያ ከሌለው ሰርኪዩት ጋርም ይስማማል። የሚቀይርልሽ ሰው ግን ካፕሱሉን በጠርዙ ብቻ ይያዘው፣ ከካፕሱሉ የሚወርደው ሽቦ የተበየደበትን ቦታም በባዶ ጣት አይንካ፣ እዛ ላይ የጣት ወዝ ከቀረ ያው ቅድም ያልኩሽ መንጫጫት ይጀምራል።